የሚፈላው ጠርሙስና የጨቅላው ጭንቅላት

«አንቺ እንግዲህ ኮሌጅ የገባሽ ልጅ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ የሚፈላ ጠርሙስ የልጁን ጭንቅላት አይጎዳውም ወይ?»

ይህን የጠየቀችኝ አክስቴ ናት። የልጅ ልጇ በሰባት ወሩ ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል ገብቶ ነበር። አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ ተደርጎለታል። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ደግሞ አልጋው ሥር በተቀመጠ፣ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ቀንና ሌሊት ይንተከተካል። አክስቴ በመስታወት አሻግራ ስታየው ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት መሰላት። በዚያ ላይ በሰፈራችን «ኦክስጅን የተደረገለት ሰው አይተርፍም» የሚል የቆየ ወሬ አለ። እኔም «ኧረ አይጎዳውም፣ አታስቢ» ብዬ በድፍረት መለስኩላት። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ ነገሩ ምንም የማውቀው አልነበረም። «ያላረጋገጣችሁትን አትናገሩ» እየተባልን በየቀኑ የምንማር ሰዎች ነን እኮ!

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁት መልስ «ይጎዳል» ወይም «አይጎዳም» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። የመተንፈሻ እርዳታ በቀጥታ የሚነካው ሳንባን ነው። ነገር ግን ሳንባ ላይ የተደረገ ነገር ሁሉ በደም በኩል ወዲያውኑ አንጎል ይደርሳል። ጥቅሙንም ጉዳቱንም የሚወስነው የማሽኑ መኖር ብቻ ሳይሆን እርዳታው ምን ያህል መሆኑና ሳይዋዥቅ መሰጠቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆን በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ያውቀዋል

ከሰል እፍ እያለ ያቀጣጠለ ሰው ስሜቱን ያስታውሰዋል። ደጋግመን በኃይል እፍ ካልን በኋላ ራሳችንን ያዞረናል፣ ዓይናችን ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙዎቻችን ጥፋቱን ለጭሱ እንሰጣለን። ጭሱም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ግን ለልደት በዓል ፊኛ ስንነፋም እኮ ያዞረናል፤ ፊኛ ደግሞ ጭስ የለውም። «አየር አጥሮን ነው» የሚልም አለ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሚገባው በላይ ስለተነፈስን ትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» እያልን የተማርነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን አብዝተን አስወጣን።

የአንጎል ደም ስሮች ይህን ጋዝ እንደ ትእዛዝ ነው የሚያነቡት። በደም ውስጥ ሲበዛ ሰፋ ይላሉ፣ ብዙ ደምም ያሳልፋሉ። ሲያንስ ይጠባሉ። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ አካባቢ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር በአዋቂ ሰው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ40 ወደ 25 ቢወርድ ሂሳቡን ሥሩት፤ ወደ አንጎል መሄድ ከነበረበት ደም ከሲሶው በላይ ቀረ ማለት ነው።

እኛ ሲያዞረን እፍ ማለቱን ትተን ቁጭ እንላለን። በቬንትሌተር የሚተነፍስ ጨቅላ ግን ይህ ምርጫ የለውም። በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚተነፍስ የሚወስንለት ማሽኑን የሞላው ሰው ነው። ያዞረው አያዞረው ደግሞ አይነግረንም።

ሳንባውን ለማዳን የተደረገው ሩጫ

ያለ ጊዜው የተወለደ ህፃን ዋነኛ ችግሩ ሳንባው ነው። የሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች አየር ሲወጣ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ሰርፋክታንት የሚባል እንደ ሳሙና ያለ ቅባት ያስፈልጋቸዋል። ይህ ቅባት በበቂ መጠን የሚመረተው በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ችግሩ የዚህ ቅባት እጥረት መሆኑን አሜሪካዊቷ ሐኪም ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ከባልደረባዋ ከጄር ሚድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አሳየች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1963 እ.ኤ.አ.፣ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ። ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ህፃን በደንብ በተደራጀ ክፍል ውስጥ ብዙም አያስጨንቅም። በዚያን ጊዜ ግን የዓለም ኃያል ሰው ልጅ ሆኖም፣ ቦስተን ወስደው ከፍተኛ ግፊት ባለው የኦክስጅን ክፍል ውስጥ ቢያስገቡትም፣ በተወለደ በ39 ሰዓቱ ሞተ። የመጀመሪያ ዓመት መምህራችን «ለዜና ቅርበትና ታዋቂነት» ሲሉ የሚያስተምሩን ነገር እዚህ ላይ ሠርቷል። ስለዚህ በሽታ ዓለም የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በሳን ፍራንሲስኮ ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ይዘው መጡ። ህፃኑ ራሱ ይተንፍስ፤ እኛ ግን ትንፋሹን ሲያስወጣ ሳንባው ተጨምድዶ እንዳይዘጋ ትንሽ የማያቋርጥ ግፊት እንስጠው አሉ። ከ20 ህፃናት 16ቱ ተረፉ። ይህ ዘዴ ሲፓፕ ይባላል። የአክስቴ «የሚፈላ ጠርሙስ» የሲፓፕ ቀላሉ ዓይነት ነው። ውሃው አይፈላም፤ የሚንተከተከው አየር ነው። ቱቦው ከውሃው ገጽ በታች 5 ሴንቲ ሜትር ከገባ ሳንባው የሚያገኘው ግፊት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል፤ 7 ከገባ 7። ሌላ መለኪያ አያስፈልገውም። እንዲህ ዓይነት ብልሃት ባየሁ ቁጥር ፈጠራ ሁሉ የግድ ውድ መሆን አለበት የሚለውን አስተሳሰብ እጠራጠራለሁ።

እንግዲህ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን የተከሉት ደረት ላይ ነበር። ደረቱ ይነሳል? ከንፈሩ ቀላ? ታዲያ ከሞት የተረፉት ህፃናት አንዳንዶቹ ሲያድጉ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ማለቱ፣ አንዳንዶቹም ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም መፍሰሱ ጥያቄ አስነሳ።

ቀጭን ግድግዳ፣ ተቆጣጣሪ የሌለው ቧንቧ

ከ32 ሳምንት በፊት የተወለደ ህፃን አንጎል ውስጥ፣ ፈሳሽ ከሚይዙት ክፍሎች አጠገብ፣ ጀርሚናል ማትሪክስ የሚባል ቦታ አለ። አዳዲስ የአንጎል ሴሎች የሚመረቱበት ነው። ደም ስሮቹ ብዙ ናቸው፤ ግድግዳቸው ግን በጣም ስስ ነው። ህፃኑ ማህፀን ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ይህ ቦታ ቀስ በቀስ ይጠፋ ነበር። ያለ ጊዜው በተወለዱት ላይ የሚደርሰው ደም መፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው የሚከሰተው።

ሁለተኛው ችግር የሚከተለው ነው። የእኛ አንጎል የደም ግፊታችን ቢወጣም ቢወርድም የሚደርሰውን ደም በተወሰነ ክልል ውስጥ እኩል አድርጎ የመያዝ ችሎታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሃንስ ሉና ባልደረቦቹ በኮፐንሃገን በታመሙ አራስ ህፃናት ላይ ሲለኩ ይህ ችሎታ ተዳክሞ አገኙት። ግፊቱ ሲወጣ የአንጎሉ ደም ይወጣል፤ ሲወርድ ይወርዳል። ለኛ ሰፈር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ውሃ ሳምንት ጠፍቶ ይሰነብትና ሌሊት ላይ ድንገት በኃይል ሲለቀቅ አሮጌው ጎማ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ውሃ መጥፋቱ አንድ ጉዳት ነው፤ ተመልሶ በኃይል መምጣቱ ሌላ ጉዳት ነው። የጨቅላው አንጎል ሁለቱንም ይፈራል።

አሁን ቬንትሌተሩን እዚህ ላይ ጨምሩበት። እኛ ስንተነፍስ ደረታችን ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ከራስ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ይሳባል። ማሽን ግን አየር የሚያስገባው ገፍቶ ነው። ግፊቱ ከሚገባው በላይ ከሆነ ከራስ የሚመለሰው ደም ይታገዳል፣ ልብ በቂ ደም አይሞላም፣ ወደ አንጎል የሚረጨውም ያንሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሳንባው ይቀደድና አየር ደረት ውስጥ ይፈስሳል። ያን ጊዜ የደም ግፊቱም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠንም ባንዴ ይናጋል። ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ቀጥሎ የአንጎል ደም መፍሰስ መከተሉ በሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው።

ከማሽኑ ጋር የሚታገሉት

ካነበብኩት ሁሉ ያልረሳሁት የሴንት ሉዊሱን ታሪክ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፐርልማንና ጆሴፍ ቮልፕ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቬንትሌተር ላይ ያሉ 50 ህፃናትን አጠኑ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተሙ። የተጠቀሙት ዶፕለር የተባለውን በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ያስቀመጡት እርግብግቢት ላይ ነበር። እርግብግቢት እናቶቻችን ቅቤ የሚያደርጉባት፣ ከላይ ስትነካ የምትመታዋ ለስላሳ ቦታ ናት። አጥንት ስለሌላት እንደ መስኮት ታገለግላለች። በዚያ መስኮት በኩል የአንጎሉን ደም ፍጥነት ሲያዳምጡ ህፃናቱ ለሁለት ተከፈሉ። በአንዳንዶቹ እያንዳንዱ ምት ከቀዳሚው ጋር እኩል ነው። በሌሎቹ ግን አንዱ ምት ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር፣ ሌላው መካከለኛ ሆኖ ይዋዥቃል። በኋላ ላይ በብዛት ደም የፈሰሳቸው እነዚህ የሚዋዥቀው ህፃናት ሆኑ።

ለምን ይዋዥቃል? ህፃኑ የራሱ የአተነፋፈስ ምት አለው፤ የዚያን ጊዜ ማሽን ደግሞ የራሱ ነበረው። ህፃኑ ሊያስወጣ ሲል ማሽኑ ይገፋል፤ ሊያስገባ ሲል ማሽኑ ያርፋል። በአንድ በር አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ እንደሚጋጩት ማለት ነው። ግጭቱ ወደ ደም ግፊቱ ይተላለፋል፤ ከደም ግፊቱ ደግሞ ተቆጣጣሪ ወደሌለው የአንጎል ቧንቧ።

ሰዎቹ እዚህ አላቆሙም። ምቱ የሚዋዥቅባቸውን 24 ህፃናት ወስደው 14ቱን ጡንቻ በሚያስተኛ መድኃኒት ከማሽኑ ጋር መታገል እንዳይችሉ አደረጓቸው። መዋዠቁ ቆመ። መድኃኒቱን ካላገኙት 10 ህፃናት አሥሩም ደም ፈሰሳቸው፤ ካገኙት 14ቱ ግን 5ቱ ብቻ። ይህ በ1985 እ.ኤ.አ. ታተመ። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ስለ አሥሩ ማሰብ ጀመርኩ። ማንም አልበደላቸውም፤ መልሱ ገና የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ቁጥር ብለን የምናልፈው አሥር የሚለው ቃል አሥር እናቶች አሉበት።

ህፃንን ሁሉ እያደነዘዙ ማስተንፈስ ግን የራሱ መዘዝ ስላለው እንደ መደበኛ ህክምና አልቀጠለም። የተሻለው መንገድ ማሽኑን ማስተማር ሆነ። በኋላ የመጡት ቬንትሌተሮች ህፃኑ ሊተነፍስ ሲጀምር ተሰምቷቸው አብረውት የሚገፉ ናቸው።

ሲሻለው የሚመጣው አደጋ

በጣም የገረመኝ ደግሞ ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ሰርፋክታንትን በቱቦ ወደ ህፃናት ሳንባ ጨምሮ ውጤት አሳየ፤ በኋላም ህክምናው በዓለም ተስፋፋ። እንደ ጎማ ድርቅ ብሎ የነበረው ሳንባ በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል። ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን ማሽኑ ለደረቀው ሳንባ በተሞላው ግፊት ከቀጠለ፣ ያው ግፊት ለለሰለሰው ሳንባ እጥፍ አየር ያስገባል። ያኔ የተቃጠለው አየር ይሟጠጣል፣ የአንጎል ደም ስሮችም ይጠባሉ። የከሰሉ ነገር ተመልሶ መጣ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ በጣም መውረድ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ህፃናት ላይ በአንጎል ፈሳሽ ክፍሎች ዙሪያ ካለው ነጭ ክፍል ጉዳት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ያ ጉዳት ነው ብዙ ጊዜ ሲያድጉ እግራቸው እንዲገታ የሚያደርገው።

ይህን ሆን ተብሎ የተደረገበት ዘመንም ነበር። በጊዜያቸው ተወልደው የሳንባቸው ደም ስር አልከፈት ላላቸው ህፃናት፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ሐኪሞች ቬንትሌተሩን አፍጥነው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወርዱ ነበር። የሳንባው ደም ስር በዚህ ይከፈታል፤ የአንጎሉ ግን ይጠባል። አንዱን በር ለመክፈት ሌላውን መዝጋት ማለት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የሳንባውን ደም ስር ለይቶ የሚከፍተው ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ ያ ልማድ እየቀረ ሄደ።

ዛሬ ብዙ ክፍሎች ግፊቱን ሳይሆን የሚገባውን አየር መጠን የሚጠብቁ ቬንትሌተሮችን ይመርጣሉ። አንድ ኪሎ የሚመዝን ህፃን በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው አየር 5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሳንባው ሲለሰልስ ማሽኑ ራሱ ግፊቱን ይቀንሳል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ግምገማዎች በዚህ መንገድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መውረድም ከባድ የአንጎል ጉዳትም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ታዲያ «ካነሰ የሚጎዳ ከሆነ እናብዛው» ማለትም አያዋጣም፤ በጣም ሲበዛ ደም ስሮቹ ከመጠን በላይ ይከፈቱና ስሱ ግድግዳ ጎርፍ ይመጣበታል።

ኦክስጅኑስ? እሱም ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል፤ በግልጽ የታየው ግን ዓይን ላይ ነው። በግንቦት 1950 እ.ኤ.አ. ያለ ጊዜው የተወለደው ስቲቪ ዎንደር ዓይኑን ያጣው በዚህ በሽታ ነው። የሰፈራችን ወሬ ኦክስጅን ገዳይ ነው ይላል፤ መጠኑን ግን አይጠይቅም።

የአንጎሉን ኦክስጅን በቀጥታ እያዩ ማሽኑን መምራት ቢቻልስ? ግንባር ላይ የሚለጠፍ፣ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለ። ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱ 1601 ህፃናት በተካፈሉበት፣ ከኮፐንሃገን በተመራና በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ ግን፣ በመሣሪያው እየተመሩ ከታከሙት 35.2 በመቶ፣ ያለ መሣሪያው በመደበኛው መንገድ ከታከሙት 34.0 በመቶ ሞተዋል ወይም ከባድ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል። ልዩነት የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት የፊት ገጽ ዜና አይሆንም። ለኔ ግን ሪባን ከሚቆረጥባቸው ዜናዎች ይልቅ ይኸኛው ክብር ይገባዋል፤ የለፉበት ሰዎች «አልሠራም» ብለው በአደባባይ ጻፉ።

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። በአገራችን በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ህፃናት በ45 በመቶው ላይ ዋናው የሞት ምክንያት ይኸው የሳንባ በሽታ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ጠርሙሱ ቅንጦት አይደለም። ለጭንቅላትም ቢሆን ከሁሉ ረጋ ያለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ህፃኑ ራሱ ስለሚተነፍስ የተቃጠለውን አየር መጠን የሚወስነው የራሱ አንጎል ነው፣ የሚታገለውም ማሽን የለም። ማየት የሚያስፈልገው ግን አለ። ቱቦው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው የገባው? ኦክስጅኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ አለ ወይስ ንጹሕ ኦክስጅን ነው የሚሄደው? ቬንትሌተር ላይ ላሉት ደግሞ የደም ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ይሠራል? ሌሊት አንዲት ነርስ ስንት ህፃን ትጠብቃለች? ስለ ማሽን እርዳታ የምናነባቸው ዜናዎች የማሽኑን ቁጥርና ዋጋ፣ ያስረከበውንና የተረከበውን ይነግሩናል። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን የያዘ ዜና ፈልጌ ለማግኘት ተቸግሬአለሁ፤ እኔም ለክፍል ሥራ ካቀረብኳቸው ውስጥ የለም።

ልጁ ጠርሙሱ በአሥራ አንደኛው ቀን ተነሳለት። በእርግብግቢቱ በኩል በአልትራሳውንድ ሲያዩት ደም የፈሰሰበት ቦታ አልተገኘም። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አክስቴ ጋ ሄጄ ስለ ከሰሉም ስለ ውሃውም አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ያን ቀን አይጎዳውም ያልሽኝ ምን አውቀሽ ነው?» አለችኝ።